ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ሲግናል በኮምፒውተር ላይ፦ መልእክቱ የሚቀመጠው የት ነው?

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚያስቀምጠኝ በመሆኑ፣ መልእክቶቼን በስልክ ማየት ትቼ በትልቁ ስክሪን ማንበብና መመለስ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጽሑፍ አርሜ፣ ፖስተር አስተካክዬና ማስታወቂያ አዘጋጅቼ በተለያዩ ቻናሎችና ግሩፖች ላይ ስለማወጣ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ የዴስክቶፕ መተግበሪያ ለእኔ እንደ ጽሑፍ ማቀናበሪያው ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነው። ጓደኞቼ «የትኛው ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁኝ ስለ መልኩ፣ ስለ ፍጥነቱ ወይም ስለ ስቲከሩ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው መልእክቱ የት እንደሚቀመጥ ነው፦ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፣ በስልኩ ላይ ነው ወይስ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ? ስልክ ሲጠፋ ምን እንደሚተርፍ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ማንበብ እንደሚቻል፣ መልእክቱንም ከላኪውና ከተቀባዩ ሌላ ማን ሊያየው እንደሚችል በአመዛኙ የሚወስነው ይኸው ነው።

በአገራችን በቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት ተጭኖ የሚገኘው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ሲጀምር የመረጠው መንገድ፣ ሚስጥራዊ ከሚባሉት ውይይቶች በስተቀር፣ መልእክትን ሁሉ በራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከገባችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ስልኩን አይጠብቅም። ስልኩ ባትሪ ቢጨርስ፣ ቤት ቢረሳ ወይም ጨርሶ ቢሰረቅ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሥራ ይቀጥላል። ታክሲ ውስጥ በስልክ ተጀምሮ ያልተላከ ጽሑፍ ቢሮ ሲደረስ በኮምፒውተሩ ላይ ካቆመበት ይገኛል። ለነገ ጠዋት በሰዓት ተቀጥሮ የተቀመጠ ማስታወቂያ የሚጠብቀው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ፣ ሌሊቱን መብራት ቢጠፋና ኮምፒውተሩ ቢዘጋም በሰዓቱ ይወጣል። አንድ ጊዜ የተጫነን ትልቅ ፋይል ወደ ብዙ ግሩፖች ለማስተላለፍም እንደገና መጫን አያስፈልግም፤ ፋይሉ ከሰርቨሩ ስለማይንቀሳቀስ ከፓኬጃችን የሚቀነሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት፣ ለሚከፍል ደንበኛ ደግሞ እስከ 4 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል።

ቴሌግራም ዴስክቶፕን ለሥራ የሚያስመርጡኝ ግን ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። የፖስተር ምስል ከፎልደር ጎትታችሁ ወደ ውይይቱ መስኮት ስታመጡ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይኛው ክፍል ላይ ከጣላችሁት ምስሉ ሳይጨመቅ በፋይልነት ይሄዳል፣ ታችኛው ላይ ከጣላችሁት ደግሞ ተጨምቆ በፎቶነት ይላካል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ለማተሚያ ቤት የሚላከውን ፖስተር በፎቶ መልክ ይልክና፣ ፊደሎቹ ዳርና ዳር ደብዝዘው ሲታተሙ ጥፋቱን በዲዛይነሩ ላይ ያላክካል። ሌላው ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው የሚበጅ ነው፦ በማስተካከያው ውስጥ መልእክት የሚላከው ኢንተርን ለብቻው በመንካት መሆኑ ቀርቶ በኮንትሮልና ኢንተር ጥምረት እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ይህን ያስተካከለ ሰው አንቀጽ ሲቀይር ግማሽ ማስታወቂያ ለሺህ ተከታይ ከመላክ ይድናል። አንድ መልእክት እስከ 4,096 ፊደል ይይዛል፤ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚያጣምር፣ በላቲን ፊደል ለሚጽፉት የሚጠበው ይህ ልክ ለእኛ ሰፊ ነው። ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ማብራሪያ ግን ለማይከፍል ተጠቃሚ 1,024 ፊደል ብቻ በመሆኑ፣ ረዘም ያለ ማስታወቂያ ያለው ሰው ጽሑፉን ከፎቶው ነጥሎ መላክ ይኖርበታል።

መተግበሪያው የተሠራበት መንገድም የኛን ኮምፒውተሮች ያገናዘበ ይመስላል፤ ታስቦበት ይሁን አጋጣሚ ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ የዴስክቶፕ መልእክት መላኪያዎች ኤሌክትሮን በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩ ናቸው፤ ይህም ማለት እያንዳንዱ መተግበሪያ በሆዱ አንድ ሙሉ የክሮሚየም ብሮውዘር ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ግን በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋና ኪዩት በሚባል ሌላ የፕሮግራም መሥሪያ የተጻፈ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ስለሆነ፣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ያረጀ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ከሌሎቹ ቀለል ብሎ ይሠራል። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በሊኑክስም ላይ ይሠራል፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚከፈት ቅጂም አለው። ውይይቶችን በፎልደር መለየት መቻሉ ደግሞ የሥራውን ከቤተሰቡ፣ የዜናውን ከዕድሩ ለይቶ ለሚያስቀምጥ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

በስልክ ሆትስፖት ኮምፒውተራቸውን የሚያገናኙ ሰዎች ከሁሉ በፊት ሊነኩት የሚገባ አንድ ማስተካከያ አለ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ምስልና ፋይል በራሱ እንዲያወርድ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ኮምፒውተሩ ያለው በቤት ዋይፋይ ላይ ይሁን በስልክ ፓኬጅ ላይ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በማስተካከያው የላቁ አማራጮች ውስጥ ለግል ውይይት፣ ለግሩፕና ለቻናል ተለይቶ በራሱ የሚወርደው ምን እንደሆነና መጠኑ እስከ ስንት እንደሚደርስ መወሰን ይቻላል። ፊልም የሚለጠፍባቸው ቻናሎች ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሳያስተካክል ቢቀር የወሩን ፓኬጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሰናበተው ይችላል። እዚያው አካባቢ የተጠራቀመው ጊዜያዊ ፋይል በዲስኩ ላይ እስከ ስንት ጊጋባይት ድረስ እንዲይዝ መገደብም ይቻላል።

መልእክቱ ሁሉ ሰርቨር ላይ መሆኑ ግን ያው ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚታወቀውም መስመር ሲቋረጥ ነው። ቴሌግራም ዴስክቶፕ የመልእክቶችን ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ አያከማችም። ኢንተርኔት በሌለበት ተዘግቶ ከተከፈተ «በመገናኘት ላይ» ከሚል ጽሑፍ በቀር የሚያሳየው የለም፤ ትናንት የተላከላችሁ አድራሻ፣ የውሉ ረቂቅ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ሁሉ ሰርቨሩ ጋ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት በጠፋባት አገር የሚኖር ሰው ይህን እንደ ቀላል ጉድለት ሊያየው አይችልም። መድኃኒቱ ግን በመተግበሪያው ውስጥ ራሱ አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ቴሌግራም ዴስክቶፕ አንድን ውይይት ወይም መላውን አካውንት ወደ ዲስክ የሚገለብጥበት አሠራር አለው። በውይይቱ አናት ላይ ያለውን ባለ ሦስት ነጥብ ምልክት ነክታችሁ የውይይቱን ታሪክ ማውጣት የሚለውን ስትመርጡ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ፎቶና ፋይሎችን ጨምሮ ወይስ ጽሑፉን ብቻ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ውጤቱ በማንኛውም ብሮውዘር ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ገጽና በጎኑ ፎቶዎቹና ፋይሎቹ ለየብቻ የተቀመጡበት ፎልደር ነው። ባለቤቶቹ ይዘታቸው እንዳይቀዳ የከለከሏቸው ቻናሎች ላይ ይህ አይሠራም፤ በቀረው ላይ ግን በጎ ነገር ነው። እኔ የሥራ ግሩፖቼን በየተወሰነ ጊዜው እንዲህ አስቀምጣለሁ።

ከሙሉ መቋረጥ የተለየው ደግሞ እገዳው ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በተፈጠረው ውጥረት ወቅት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ሌላው ኢንተርኔት ይሠራ ነበር፤ እገዳውም እስከ ሐምሌ ዘልቋል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ቪፒኤን ነው የተጠቀመው። ይሁን እንጂ ቪፒኤን የኮምፒውተሩን ትራፊክ በሙሉ በሌላ አገር አዙሮ የሚያመጣ በመሆኑ ሌላውንም ሥራ ያዘገያል። ቴሌግራም ዴስክቶፕ በራሱ ውስጥ የፕሮክሲ፣ ማለትም መልእክቱን ተቀብሎ የሚያሻግር የመካከል ሰርቨር፣ ማስገቢያ ስላለው፣ የሚያምኑት ሰው የላከውን የፕሮክሲ ሊንክ በመንካት ብቻ ቴሌግራምን ብቻ ለይቶ በዚያ በኩል ማሳለፍ ይቻላል፤ ብሮውዘሩና ሌላው ሥራ በቀጥታው መስመር ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ከጠፋ ግን ፕሮክሲም ሆነ ቪፒኤን አይረዱም።

በዊንዶውስ ላይ ቴሌግራምን ለመጠቀም ዩኒግራም የሚባል ሌላ አማራጭም አለ፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር ይወርዳል። ውይይቶችን በኮምፒውተሩ ላይም ስለሚያስቀምጥ ኢንተርኔት በሌለበት የተነበበውን መልሶ ያሳያል፤ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የማያውቃቸውን ሚስጥራዊ ውይይቶችም ይደግፋል። ለማክ ተብሎ ለብቻው የተሠራው ቴሌግራምም እንዲሁ ነው። ሚስጥራዊ ውይይት ግን የተጀመረበት መሣሪያ ላይ ብቻ እንደሚኖር መርሳት አይገባም፤ በስልክ የጀመራችሁትን በኮምፒውተር ልትቀጥሉት አትችሉም።

ዋትስአፕ በተቃራኒው መሠረቱ ስልኩ ነው። መልእክቱ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ በመሆኑ ኩባንያው ጋ የሚነበብ ቅጂ የለም፤ ኮምፒውተሩም በስልኩ ካሜራ ኪው አር ኮድ ተነስቶለት እንደ ጓዳ በር ነው የሚከፈትለት። ድሮ ስልኩ ከኢንተርኔት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ይሞት ነበር። አሁን እስከ አራት የሚደርሱ መሣሪያዎች ተያይዘው ስልኩ ቢጠፋም ለብቻቸው ይሠራሉ፤ ነገር ግን ዋናው ስልክ ለ14 ቀን ካልተከፈተ የተያያዙት ሁሉ ይወጣሉ። ስልክ ጠፍቶበት ሲም ካርድ ማውጣቱ የተጓተተበት ሰው እነዚህን ሁለት ሳምንታት መቁጠር ይኖርበታል። ሲያያዝም ወደ ኮምፒውተሩ የሚገለበጠው የቅርብ ጊዜው ውይይት ነው፤ የድሮውን የፈለገ ሰው ወደ ስልኩ ይመለሳል። ወደ ኮምፒውተሩ የገባው ግን ኢንተርኔት በሌለበትም ይገኛል።

የዋትስአፕ የዊንዶውስ መተግበሪያ ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ በኤሌክትሮን የተሠራ ነበር፤ በ2022 ለዊንዶውስ ተብሎ በአዲስ መልክ ተጽፎ ቀለለ፣ ፈጠነም። በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ያን ትቶ ድረ ገጹን በመስኮት ወደሚያሳይ አሠራር ተመልሷል። ኩባንያው ለስልክ፣ ለድረ ገጽና ለዊንዶውስ ሦስት የተለያየ ኮድ ከመጠበቅ እንደሚገላገል ይገባኛል፤ ሆኖም ሸክሙ የተላለፈው ወደ ተጠቃሚው ራም ነው። በእኔ አስተያየት ዛሬ በዊንዶውስ ላይ ዋትስአፕን በመተግበሪያውም ሆነ በብሮውዘር መክፈት ያን ያህል ልዩነት የለውም፤ መተግበሪያው የሚመረጠው ለጥሪ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ካሉ ዘመዶች ጋር ቤተሰቡ ተሰብስቦ በላፕቶፕ ስክሪን ሲነጋገር ስልክ እያቀባበሉ ከመነጋገር ይሻላል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ታግዶ ስለቆየ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚደውሉ ብዙዎች ኢሞን ይጠቀማሉ፤ እርሱም የኮምፒውተር ቅጂ አለው።

ስለ ሲግናል ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥቂት ነገር ብቻ የሚሠራና ያንንም በትክክል የሚሠራ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ራሱን የቻለ የዴስክቶፕ መተግበሪያ ያለው ሲሆን፣ መልእክቱን የሚያስቀምጠው በየመሣሪያው እንጂ በሰርቨር አይደለም። እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ኮምፒውተር አዲስ ሲያያዝ ባዶ ሆኖ ይጀምር ነበር፤ አሁን ከስልኩ የድሮ ውይይቶችን ከ45 ቀን ፎቶና ፋይል ጋር መገልበጥ ይቻላል። ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ወይም የሰው ሚስጥር በእጁ ያለ ሰው ሌሎቹን ትቶ ይህን ቢጠቀም ትክክል ነው። ቻናል የሚያስተዳድር ሰው ግን እዚህ ተከታይ አያገኝም።

በአማርኛ መጻፍን በተመለከተ ከመተግበሪያው ይልቅ የፊደል ማስገቢያው ነው የሚወስነው፤ ያም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ልዩነቱ ይታያል። በኪይማን የሚጽፍ ሰው «ለ» ለማግኘት በላቲኑ ሁለት ቁልፍ ይነካል፤ መጀመሪያ «ል» ይመጣል፣ ቀጥሎ እርሱ ይሰረዝና «ለ» ይተካል። በመልእክት መጻፊያው ውስጥ ይህ ማንንም አያስቸግርም። የፍለጋ ሳጥኑ ግን ገና በመጀመሪያው ፊደል ፍለጋውን ስለሚጀምር፣ ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ «ሰላም» ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ውጤቱ በየፊደሉ ሲለዋወጥ ይታያል፤ በድረ ገጽ መልክ በተሠሩት መተግበሪያዎች ይህ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል። የምፈልገውን ቃል ሌላ ቦታ ጽፌ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ልማዴ ሆኗል። ከዚያ የባሰው «ሠ» እና «ሰ»ን፣ «ሐ» እና «ኀ»ን እንደ ተለያዩ ፊደላት መቁጠራቸው ነው፤ ላኪው «ሥራ» ብሎ ጽፎ እናንተ «ስራ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ መልእክቱ አይገኝም። በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም አጻጻፍ መሞከር አለበት።

የመተግበሪያው ጥራት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ያሳዩን ሁለት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ትዊትዴክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከትዊተር ውጭ በሆነ ሰው ተሠርቶ፣ ብዙ ረድፎችን ጎን ለጎን በአንድ ስክሪን ስለሚያሳይ የጋዜጠኞች ተመራጭ የሆነ ፕሮግራም ነበር። ትዊተር በ2011 ገዛው፤ የማክ መተግበሪያው በ2022 ተዘጋ፤ በ2023 ደግሞ ኤክስ (ትዊተር በአዲሱ ስሙ) የድረ ገጹን ቅጂ ለሚከፍሉ ብቻ አደረገው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ውስጥ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸው የትዊተር መተግበሪያዎች ሁሉ፣ በዴስክቶፕ የመጀመሪያ የነበረው ትዊተሪፊክ ሳይቀር፣ በር ተዘጋባቸው። ሁለተኛው የፌስቡክ ሜሴንጀር ነው፤ የዊንዶውስና የማክ መተግበሪያው በ2020 ወጥቶ በዲሴምበር 2025 ተዘጋ፤ ተጠቃሚዎችም ወደ ድረ ገጹ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ውይይቶቹ ከላኪ እስከ ተቀባይ ወደ መመስጠር ተሸጋግረው ስለነበር፣ ታሪኩ እንዳይጠፋበት የሚፈልግ ሰው ሜሴንጀር ሳይዘጋ የሚስጥር ቁጥር ያለው ማስቀመጫ እንዲከፍት ተመክሮ ነበር። በሁለቱም ጉዳዮች ተጠቃሚው በዲስኩ ላይ ያለው አዶው ብቻ ነበር።

ሁሉንም በአንድ መስኮት የሚሰበስቡ እንደ ፍራንዝና ፈርዲየም ያሉ ፕሮግራሞችም አሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ውስጡ ሲታይ ግን ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ሊንክድኢን እየተባለ የተጨመረው እያንዳንዱ አገልግሎት ድረ ገጹ ራሱ ነው፤ ስድስት ጨመራችሁ ማለት ስድስት የብሮውዘር ታብ ቀኑን ሙሉ ከፈታችሁ ማለት ነው። 16 ጊጋባይት ራም ላለው ሰው ይመቻል፤ በተለይ አንድን አገልግሎት በሁለት የተለያዩ አካውንቶች ጎን ለጎን መክፈት ለሚፈልግ። በቀረው ኮምፒውተር ላይ አልመክረውም።

ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ሊንክድኢን ብሮውዘር ይበቃቸዋል። ኢንስታግራም ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2021 ጀምሮ ፎቶና አጭር ቪዲዮ ከኮምፒውተር ብሮውዘር እንዲለጠፍ ፈቅዷል፤ የፌስቡክ ገጽ የሚያስተዳድር ሰውም ሜታ ለገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ድረ ገጽ የሁለቱንም ልጥፍ በሰዓት ቀጥሮ ማስቀመጥ ይችላል። መስኮቱ ለብቻው እንዲሆን የሚወድ ሰው በክሮም ወይም በኤጅ ገጹን እንደ መተግበሪያ ይጫነው።

እኔ ላፕቶፕ ላይ ያሉት ቴሌግራም ዴስክቶፕና ሲግናል ናቸው፤ ዋትስአፕን በብሮውዘር እከፍታለሁ። ከአንድ በላይ ሰው የሚቀመጥበት የቢሮ ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ቴሌግራም ዴስክቶፕን የሚጭን ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። መተግበሪያው የመግቢያ መረጃውን «ቲዳታ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ የመተግበሪያው የራሱ መቆለፊያ ቁጥር ካልተበጀለት ያን ፎልደር በፍላሽ የገለበጠ ሰው ኮድም የይለፍ ቃልም ሳይጠየቅ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አካውንቱን ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ በጋራ ኮምፒውተር ላይ በማስተካከያው የግላዊነት ክፍል ውስጥ ያለውን መቆለፊያ ቁጥር ማብራት፣ ሥራ ሲያልቅም መስኮቱን ዘግቶ ከመሄድ ይልቅ ከአካውንቱ መውጣት ያስፈልጋል። ሳይወጣ የሄደ ሰው በስልኩ ማስተካከያ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍቶ የዚያን ኮምፒውተር ስም ይነካና ከሩቅ ያስወጣዋል፤ በዋትስአፕና በሲግናልም የተያያዙ መሣሪያዎች ዝርዝር በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል።